ሦስት ቁጥር ይንጠባጠባል

«ዋናውን ውሃ ዘግታው ሄዳለች እኮ» ይላል ሬይኖ በስልክ። «እህቴ ናት፤ ምን ላድርጋት? ሰው አይደለች እንዴ፣ ትረሳለች።»

ታይና ይህን የሰማችው በላቫጆው የኋላ በር ገብታ የጫማዋን በረዶ ምንጣፉ ላይ ስታራግፍ ነው። ምንም ነገር እንዳልዘጋች ታውቃለች። ትናንት ከመሄዷ በፊት እንደ ወትሮዋ ስድስቱንም ማጠቢያዎች ዞራ፣ ከስድስቱም የመርጫ ሽጉጦች እንደ እርሳስ የቀጠነች ውሃ ስትወርድ አይታ ነው በሩን የቆለፈችው። አሥራ ዘጠኝ ክረምት እንዲሁ አድርጋለች። ወንድሟ ግን ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መሀል ወትፎ፣ በሁለት እጁ ሮዝ ቅባት የተቀባ ኬክ እየገመሰ፣ የእህቱን የመርሳት ታሪክ አንጀት በሚበላ ድምፅ ይተርካል። አጠገቡ የልጁ ባል ብሬንት ቆሞ፣ እሱም በበኩሉ እያዘነ፣ ራሱን ይነቀንቃል። ታይና በሩን በቀስታ መልሳ ወደ ፓምፑ ክፍል ሄደች። ከወንድም ጋር ከመጣላት በፊት የተበላሸውን ዕቃ ማየት ይሻላል፤ ዕቃ ቢያንስ በስልክ አያወራም።

የሆነውን ለማወቅ ብዙ መመራመር አላስፈለጋትም። ሊነጋጋ ሲል ለሁለት ሰዓት ያህል መብራት ጠፍቶ ነበር፤ እሷም በብርዱ ነቅታ ሁለተኛ ካልሲ ደርባ ነው መልሳ የተኛችው። ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ ሦስት ዲግሪ ነው። በእኛ ከተማ በተንደር ቤይ ይህ ብርድ አይባልም፣ «ዛሬ ትንሽ ነፈስ ይላል» ይባላል። ውሃ ግን የከተማችንን ኩራት አይጋራም። በር በሌለው ማጠቢያ ውስጥ፣ በተንጠለጠለ ጎማ ውስጥ ያለ ውሃ መሄዱን ካቆመ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ድንጋይ ይሆናል። ለዚህ ነው በክረምት መኪናውን የሚያሳጥብ አንድ ሰው ባይኖርም ከየሽጉጡ ጫፍ ቀን ከሌት ውሃ የሚንጠባጠበው። ይህን የሚያዘው ደግሞ በፓምፑ ክፍል ግድግዳ ላይ ለእያንዳንዱ ማጠቢያ አንዳንድ የተገጠመ፣ ጡጫ የሚያህል፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ቫልቭ ነው። የስድስት ማጠቢያ ነፍስ በስድስት ጡጫ ላይ ተንጠልጥላለች ማለት ነው።

ዞራ አየቻቸው። አንድ ቁጥር ጎማው እንደ ተጠበሰ ቋሊማ ለሁለት ተሰንጥቋል። ሁለት ቁጥር ሽጉጡ ከነእጀታው ፈንድቶ ወለሉ ላይ ወድቋል። አራት፣ አምስትና ስድስት ላይ ጎማዎቹ ከጣሪያው እንደ ዱላ ቀጥ ብለው ቆመዋል፤ ስትነካቸው ኳ ኳ ይላሉ። ሦስት ቁጥር ብቻ ምንም እንዳልተፈጠረ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ ወገብ የሚደርስ፣ የሰርግ ኬክ የመሰለ የበረዶ ክምር ሠርቷል።

ሦስት ቁጥር ለምን እንደተረፈ ለመረዳት ብሬንትን ማወቅ ያስፈልጋል። ብሬንት የሬይኖን አንዲት ሴት ልጅ ያገባ፣ በንግድ አስተዳደር የተመረቀ፣ ጫማው ሁልጊዜ የሚያብረቀርቅ ሰው ነው። ሦስት ሰው በሚሠራበት ላቫጆ ውስጥ «የግዥና የዘመናዊ አሠራር ኃላፊ» የሚል ካርድ አሳትሟል። በጥቅምት ወር ስብሰባ ጠራ፤ ተሰብሳቢዎቹ እሱ፣ አማቱና አንድ ሳጥን ኬክ ነበሩ። ታይና የተጠራችው ኬኩ ካለቀ በኋላ ውሳኔ ለመስማት ነው። የነሐሶቹ ቫልቮች አርጅተዋል፤ አንዱ መቶ አርባ ስድስት ዶላር ነው፤ እሱ ግን በሠላሳ ስምንት ዶላር፣ ያውም ኃይል ቆጣቢ፣ ከኢንተርኔት አግኝቷል።

ታይና አንዱን ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ላስቲክ ነው፤ ክብደቱ የቡሽ ያህል ነው። በጎኑ ላይ በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አነበበችና «ይሄ እኮ ተቃራኒው ነው» አለች። ነሐሱ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ይዘጋል፣ ኤሌክትሪክ ሲያጣ ይከፈታል። ብርድ ሲመጣ ሙቀቱን የሚለካው ቴርሞስታት ኤሌክትሪኩን ይቆርጥበታል፣ ይከፈታል፣ ውሃው ይንጠባጠባል፤ መብራት ቢጠፋም ያው ነው፣ ይከፈታል። አዲሱ ግን ኤሌክትሪክ ካልተሰጠው አይከፈትም። ቆጣቢ የተባለውም ለስድስት ወር ክረምት ያለማቋረጥ ኤሌክትሪክ እየጠጣ፣ የሽቦ ጥቅልሉ፣ ኮይሉ፣ ዳቦ እስኪያሞቅ ድረስ እየጋለ ነው ክፍት ሆኖ የሚቆየው።

«መብራት ከጠፋ ሁሉም ይዘጋል» አለችው።

«አክስቴ» አለ ብሬንት፣ ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ፈገግ ብሎ፣ «እስቲ ንገሪኝ፣ መብራት መቼ ጠፍቶ ያውቃል?»

ይህን ጥያቄ በሌላ አገር ቢጠይቅ ኖሮ ሰው ሆዱን ይዞ ይስቅበት ነበር። እኛ ከተማ ግን የሚስቅበት ስላልነበረ ተገዛ። ስድስት ታዝዞ ስድስት መጣ፤ አንዱ ግን ሣጥኑ ውስጥ ለሁለት ተሰብሮ ነበር። ሻጩ ምትክ እልካለሁ ብሎ እስከ ዛሬ አልላከም። ታይና አምስቱን እንደታዘዘችው ገጠመች፤ ሦስት ቁጥር ላይ አሮጌው ነሐስ ባለበት፣ በቀድሞው ሽቦው ላይ ቀረ። እንግዲህ ሦስት ቁጥርን ያዳነው የማንም ብልሃት አይደለም። የብሬንት ቅናሽ አንዱን ሰብሮ ስለላከው ነው።

አሁን ካቻቪቴዋን አውጥታ ጫፉን በየኮይሉ ላይ አስጠጋች። መብራቱ ተመልሷል፤ አምስቱም ብረቱን እንደ ማግኔት ሳብ አደረጉት፣ ኤሌክትሪክ አላቸው። በቴስተሩም ለካችው፣ ልክ ነው። አራት ቁጥርን ፈትታ አየችው፤ አሸዋ አልያዘውም፣ ውስጡ ያለችው ጎማ አልተቀደደችም። አንድም የተበላሸ ቫልቭ የለም። አምስቱም የተሠሩበትን ሥራ አንድ ሳያጎድሉ ሠርተው ነው አምስት ማጠቢያ የገደሉት።

ቢሮው ሁለት ወንበር አለው፤ ለሦስት ሠራተኛ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የምትቆመው ታይና ናት። ግድግዳው ላይ የጎማ ነጋዴ የሰጠው ካላንደር ገና ታኅሣሥን ያሳያል፤ ከሥሩ «አምስት ደቂቃ ስድስት ዶላር» የሚል ሰሌዳ፤ ጥግ ላይ አቧራ የሚያሸት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ። ገና ስትገባ ሬይኖ «ተቀመጪ» አላት፤ ብሬንትም ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላት። ያን ጊዜ ነገሩ ከጠበቀችው በላይ የከፋ መሆኑ ገባት።

«ቫልቮቹን አየኋቸው» አለች ሳትቀመጥ። «ጤነኞች ናቸው።»

«አየህ!» አለ ብሬንት ወደ አማቱ ዞሮ፣ ፊቱ በርቶ።

«መብራት ሲጠፋ ዝጉ ተብለው የተሠሩ ናቸው። መብራት ጠፋ፣ ዘጉ። በጥቅምት ነግሬህ ነበር።»

«በጥቅምት ብዙ ነገር ተባብለናል» አለ ብሬንት፤ የፊቱ ብርሃን ጠፋ።

ሬይኖ ጉሮሮውን ጠረገ። ከሷ በዘጠኝ ዓመት ይበልጣል፤ ከባድ ነገር ሊናገር ሲል ሁልጊዜ ሰው ሳይሆን ዕቃ ነው የሚያየው። አሁን ማሞቂያውን አየ። «ስሚኝ፤ የኢንሹራንሷ ሴት ከምሳ በኋላ ትመጣለች። ደህናውን ነቅለን የማይሆን ገጥመን ከሆነ አይከፍሉንም። ሠራተኛ ረስቶ ከሆነ ግን ይከፍላሉ። ውሉ ላይ አለ።»

«ሠራተኛዋ ማን ናት?»

«ለወረቀት ያህል ነው» አለ ሬይኖ። «ትናንት ማጣሪያውን ስትለውጪ ዋናውን ውሃ ዘጋሽ፤ ከዚያ መክፈት ረሳሽ። አንድ መስመር ነው፣ ትፈርሚያለሽ፣ አለቀ። እኛ ቤት ማንም ምንም አይልሽም።»

«እናንተ ቤት መች ማንም ምንም ብሎኝ ያውቃል?»

«አክስቴ፣ ነገሩን ሰፋ አድርገሽ እይው» አለ ብሬንት። «ለቤተሰብ ነው።»

ግዥው ሲወሰን ቤተሰቡ ሁለት ሰው ነበር፤ ጥፋቱ ሲከፋፈል ሦስት ሆነ። ታይና ወረቀቱን አነሳችው። ተጽፎ አልቋል፣ ስሟም በትልቁ ተተይቧል። የአባታቸው ስም ሳይቀር ፊደሉ አልተሳሳተም፤ ብሬንት እንዲህ ዓይነት ጥንቃቄ እንዳለው አታውቅም ነበር። የሙያ ፈቃዷ ቤቷ ሳሎን ውስጥ በመስታወት ተሰቅሏል። ይህ ወረቀት ከተፈረመ መስታወቱን ብቻ መጥረግ ይቀራታል፤ ውሃ ዘግታ የምትረሳ ጠጋኝ በዚህች ከተማ የአበባ ማጠጫ እንኳ የሚያስነካት የለም።

«ዋናው ውሃ ተዘግቶ ከሆነ» አለች በመጨረሻ፣ «ስድስቱም የሚጠጡት ከአንድ ቧንቧ ነው። ሦስት ቁጥር እንዴት ነው ታዲያ የሚንጠባጠበው?»

ሁለቱ ተያዩ። ይህን አላሰቡበትም። ሬይኖ ደግሞ ማሞቂያውን ማየት ጀመረ።

«እሱንም ዝጊው» አለ።

ታይና ወረቀቱን አጥፋ ቱታዋ ኪስ ውስጥ ከተተችና ወጣች።

በሦስት ቁጥር መስመር ላይ፣ ከቫልቩ ጎን፣ በእጅ የምትዞር ትንሽ መዝጊያ አለች። እጇን እዚያ ላይ አሳርፋ ብዙ ቆመች። ሩብ ዙር ነው። ሴትየዋ እስክትመጣ ድረስ ሁሉም እኩል ድንጋይ ይሆናል፤ ውሸቱም ቀጥ ይላል። ሬይኖ ክፉ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለ ነበር። ባሏ የሞተ ጊዜ ወር ሙሉ በየቀኑ ከሥራ በኋላ ጨው የበላ ዓሣና ጥቁር ዳቦ ይዞላት እየመጣ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ አንድ ሰዓት ተቀምጦ፣ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይሄድ ነበር። ያንን ወር ያለሱ እንዴት እንደምታልፈው አታውቅም። አሁንም ያው ሰው ነው፤ ዝምታው ግን ዛሬ ዓሣ ይዞ አልመጣም። ላቫጆው ቢዘጋ በስልሳ አንድ ዓመቱ፣ በዚያ በሚያነክስ ዳሌው የት ይቀጠራል? ደግሞስ አንድ መስመር ፊርማ አይደለም?

ውሃው ከእጇ ሥር በቧንቧው ውስጥ ሲሄድ ይሰማታል፤ መዳፏን ይነዝረዋል። በዚህ ግቢ ውስጥ ሌሊቱን ሥራውን የሠራ እሱ ብቻ ነው። የሚፈለገው ደግሞ የሠራውን መግደል ነው፣ ያልሠሩት እንዳያፍሩ። እጇን አነሳች። ከዚያ ወደ ማጠቢያው ወጥታ በሽጉጡ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን በረዶ በካቻቪቴዋ እጀታ መትታ አረገፈችለት። ወደ መኪናዋም ገብታ በምሳ ሰዓቷ አንድ ስልክ ደወለች።

ወይዘሮ ናቢጎን ከኢንሹራንሱ የመጡት እስከ ጉልበት የሚደርስ ቦት ጫማ አድርገው ነው። ከኛ በስተሰሜን ካለችው ከኒፒገን ናቸው፤ ብርዱን ቀና ብለውም አላዩት። ሬይኖ እየመራ፣ ብሬንት እያብራራ፣ በየማጠቢያው አዞሯቸው። ብሬንት ሦስት ጊዜ «የሰው ስህተት» አለ፤ በሦስተኛው ላይ «በጣም የምንወዳት ሠራተኛ» የሚል ጨመረበት። ሦስት ቁጥር ሲደርሱ እርምጃውን አፍጥኖ «ወደ አራት እንለፍ» አለ። ሴትየዋ ግን ቆሙ።

«ይሄ ይንጠባጠባል» አሉ።

«እሱ… እሱ ዕድለኛ ነው» አለ ብሬንት።

«ውሃው የሚመጣው ከየት ነው?»

ወይዘሮ ናቢጎን ዞር ብለው በፓምፑ ክፍል በር ላይ ቁልፍ ይዛ የቆመችውን ታይናን አዩ። «የሚጠግነው ማነው? እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ» አለች ታይና። «ይግቡ፤ በቃል ከምነግርዎ ባሳይዎ ይሻላል።»

ሬይኖ «ታይና» አለ ዝግ ብሎ። እሷም ሰማችው። ሁለት ባልዲ አምጥታ አንዱን ከሦስት ቁጥር ቫልቭ፣ አንዱን ከአራት ቁጥር ቫልቭ ሥር አስቀመጠች፤ መውጫቸውን ፈታች። ሁለቱም ባልዲ ውስጥ ውሃ መውረድ ጀመረ። «አሁን መብራት አለ» አለች። ከዚያ ወደ ኤሌክትሪኩ ሰሌዳ ሄዳ ብሬከሩን አወረደችው። ክፍሉ ጨለመ። ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማ፣ አንደኛው ባልዲ ዝም አለ፤ ሌላኛው ግን ቀጠለ። በበሩ በሚገባው ብርሃን አራት ሰዎች ቆመው የአንድ ባልዲ ውሃ ድምፅ ያዳምጣሉ። በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ሰዎች ተሰብስበው አንድ ነገር እንዲህ በጥሞና ሲሰሙ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

«የሚንጠባጠበው የቀድሞው ዓይነት ነው» አለች ታይና። «የተዘጋው በጥቅምት የገባው ነው። ዋናውን ውሃ ማንም አልዘጋውም። ብዘጋው ኖሮ ይሄኛው ባልዲም ደረቅ ይሆን ነበር።»

ወይዘሮ ናቢጎን ሁለት ፎቶ አነሱ፣ ግማሽ ገጽ ጻፉ፣ ብዕራቸውን ከደኑ። «ደህናው በእጃችሁ ነበረ ማለት ነው» አሉ ለሬይኖ፣ ሳይቆጡ። «አዝናለሁ፣ አቶ ሐርዩ።» ሲወጡ የታይናን እጅ ጨበጡ፤ የሌላ ሰው አልጨበጡም።

መኪናቸው ከግቢው ወጣ። ከዚያም ብሬንት «ሦስት ቁጥርን ብትዘጊው ኖሮ እኮ…» ብሎ ጀመረ።

«አንተ ያዘዝከው ተሰብሮ ባይመጣ ኖሮ እኔን ሳያስቸግር በራሱ ይዘጋ ነበር» አለችው።

ሬይኖ ባልዲው ላይ አፍጥጦ ቀረ። ፊቱ ከቁጣ ይልቅ የድካም ነበር። ዛሬ ማታ ብርዱ ሠላሳ ስድስት እንደሚገባ ሬዲዮው ሲናገር ውሏል። እስካሁን የሞተው ጎማና ሽጉጥ ነው፤ ብርዱ ወለሉ ሥር ካሉት ቧንቧዎች ከደረሰ ግን ሲሚንቶ መስበር ይመጣል፤ ያን ጊዜ ላቫጆ የሚባል ነገር የለም። አዲስ ነሐስ ከዊኒፔግ ቢታዘዝ ማክሰኞ ነው የሚደርሰው።

«አሮጌዎቹን» አለ በመጨረሻ፣ አሁንም ባልዲውን እያየ፣ «ጣልሻቸው?»

«ጣያቸው ብላችሁኝ ነበር።»

«እና ጣልሻቸው?»

«መኪናዬ ውስጥ አሉ። ውስጣቸው ያለውን ጎማ በአሥራ አንድ ዶላር ቀይሬላቸዋለሁ። ሌላ ሃያ ዓመት ይሄዳሉ።»

ሬይኖ አንገቱን ቀና አደረገ። «ስንት ትያለሽ ለነሱ?»

«ዋጋውን ብሬንት ይደራደረኝ። ቅናሽ ማግኘት ያውቅበታል።»

ብሬንት የሚያብረቀርቅ ጫማውን አየ። ታይና ግን ገንዘብ አልጠየቀችም። ጥያቄዋ አምስቱንም በገዛ እጁ እንዲገጥም ነው፤ እሷ አጠገቡ ቆማ ትነግረዋለች። ሬይኖ አማቹን አንድ ጊዜም ሳይከራከር አሳልፎ ሰጠ።

ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ብሬንት እርጥብ ሲሚንቶ ላይ ተንበርክኮ ዋለ። ታይና በሰሌዳው ላይ ሽቦዎቹን ወደ ቀድሞ ቦታቸው መለሰች፤ የቀዘቀዙትን መስመሮች በሙቅ አየር እያቀለጠች፣ የተሰነጠቁትን ጎማዎች እየቆረጠች ከበላዩ ታዘዋለች። የመጀመሪያውን ሲፈታ ውሃ መዝጋት ረስቶ ውሃው በእጅጌው ገብቶ በብብቱ ወጣ። «የሰው ስህተት» አለች ታይና። በሁለተኛው ላይ ፒንሳውን ጣቱ ላይ ጣለው። በሦስተኛው ላይ ቆም ብሎ፣ ቫልቩን በመዳፉ ይዞ፣ ምናልባት ከተዋወቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ መልሱን የማያውቀውን ጥያቄ ጠየቃት።

«አክስቴ፣ ይህቺ ቀስት ወዴት ነው የምትዞረው?»

«ውሃው ወደሚሄድበት።»

«እሺ» አለና ከአፍታ በኋላ ቀደም ብሎ የገጠማቸውን ሁለቱን መልሶ መፍታት ጀመረ።

የምትጠልቀው ፀሐይ ከሐይቁ ማዶ ያለውን ተራራ ስታቀላው ብሬከሩን አውርዳ አየችው። ስድስቱም ተከፈቱ። ጎማቸው ከተረፈ ሽጉጦች ውሃ ወረደ፤ ጎማ በሌላቸው ላይ ቧንቧው ራሱ ወደ ወለሉ ፍሳሽ አንጠባጠበ። ሬይኖ እያነከሰ ከአንድ እስከ ስድስት ዞሮ በእያንዳንዱ ሥር መዳፉን ዘርግቶ እያረጠበ መጣ። ከዚያ ወደ ታይና መኪና ሄደ፤ በብርዱ እንዳይሞት ሞተሩን የሚያሞቀውን የኤሌክትሪክ ገመድ ከግድግዳው ነቀለ፣ በክንዱ ላይ በጥንቃቄ ጠቀለለና አቀበላት። እነሱ ቤት ይቅርታ የሚባለው እንዲህ ነው። እሷም ተቀበለችው።

«ሰኞ የቀሩትን ጎማዎች እንለውጣለን» አለ።

«ሰኞ የለሁም» አለች። «የአውቶቡሶቹ ጋራዥ እጥበት ክፍል ሰው ይፈልጋል። አምና ካቻምና ሲለምኑኝ ላንተ ብዬ እምቢ ብያቸው ነበር። ዛሬ በምሳ ሰዓት ደውዬ እሺ አልኳቸው።»

ሬይኖ የመኪናዋን መስታወት አየ፣ ጎማውን አየ፣ የሚያየው ዕቃ ሁሉ አለቀበት። ከዚያ ፊቷን አየ።

«ታዲያ እዚህ ማን ይጠግናል?»

ታይና በአገጯ ጠቆመችው። ብሬንት በፓምፑ ክፍል በር ላይ ቆሞ ጣቶቹን በብብቱ ሥር ቀብሯል፤ የሸሚዙ እጅጌ በረዶ ሠርቶ በተንቀሳቀሰ ቁጥር እንደ ሰሌዳ ይንኳኳል።

«እሱ» አለች ሞተሩን እያስነሳች። «ዛሬ አምስት ገጥሟል፤ ገልብጦ የገጠመው ሁለቱን ብቻ ነው።»